ስለ ማዳመጥ ፖድካስት እየሰማሁ ዝንጀሮ ዳቦዬን ወሰደው

ዛሬ ጠዋት አንድ ዝንጀሮ ለአማቴ የጋገርኩትን ድፎ ዳቦ ታቅፎ አጥሬን ሲዘል በዓይኔ አየሁት።

አርባ ምንጭን ለማታውቁ፦ እዚህ ዝንጀሮ ብርቅ አይደለም። ብርቁ የእኔ ጆሮ ነው።

ዳቦው እንዲበርድ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለቱም ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። ፖድካስቱ ስለ ምን መሰላችሁ? ሰውን ከልብ ስለ ማዳመጥ። እንዴት ይጠቅማል መሰላችሁ!

ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ከአጥሩ ማዶ እጃቸውን እያወናጨፉ ይጮኻሉ። ሰላምታ መስሎኝ በፈገግታ አጸፋውን መለስኩ። ማዳመጫውን ሳወልቀው ነው የሰማሁት፦ «አንቺ ልጅ፣ ዳቦሽ ሄደ እኮ!»

አማቴ ከካምባ ሲደርሱ በባዶ ሌማት ተቀበልኳቸው። ምን እላለሁ? እውነቱን ተናገርኩ።

«እስቲ ምን ቢል ነው እንዲህ ያደነቆረሽ?» ብለው አንዱን ማዳመጫ ተቀበሉኝ። ቆይተው ሁለተኛውንም።

ይኸው አሁን ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ያዳምጣሉ። «እማማ፣ ምሳ ቀርቧል!» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ!

እናንተስ በማዳመጫ ሰበብ ምን አሳረራችሁ፣ ምንስ አስበላችሁ? ብቻዬን ሞኝ አታድርጉኝ፣ ጻፉልኝ።