ከእጃጂ የመጣው አክታ

ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። አምቦ ውስጥ እሠራበት ወደነበረው ላቦራቶሪ አንድ የእጃጂ ገበሬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ገባ። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏል፤ የሳንባ ነቀርሳ ከተገኘበት ግን ይቀራል። አባትየው ከጋቢው ሥር ክዳን ያለው ብልቃጥ አወጣና «የማለዳ አክታው ነው» አለኝ።

በስላይድ ላይ ቀባሁት፣ በእሳት አደረቅሁት፣ ቀለም አለበስሁት። በማይክሮስኮፑ ሳየው የነቀርሳው ተዋስያን፣ ቀያይ ዘንጎች መስለው፣ ሰማያዊውን መደብ ሞልተውታል። እንዲህ ያለ አክታ የሚተፋ ሰው መቆም ያቅተዋል። ልጁ ግን በር ላይ ቆሞ ሸንኮራ ይግጣል።

አብራኝ የምትሠራው ነርስ አየችውና «ይሄ ከታመመ እኔ ሞቻለሁ» አለች።

ሁለተኛውን ናሙና፣ አፉን አስጉመጥምጬ፣ እፊቴ እንዲሰጥ አደረግሁ። ከብዙ ትግል በኋላ ጥቂት ወጣለት። ሁለት ስላይድ ሠርቼ እያንዳንዱን ግማሽ ሰዓት መረመርሁ። አንድም ዘንግ የለም።

አባትየውን ለብቻው ጠራሁት።

«ኦቦ፣ የፊተኛው የማን ነው?»

«የልጄ ነው፣ ጎፍታ።»

«አይደለም። የአክታው ባለቤት ካልታከመ ይሞታል፤ አብረውት የሚያድሩትንም ያስይዛል። መድኃኒቱ እኮ እዚሁ አለ።»

ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ባለቤቱን ነገውኑ አመጣልዎታለሁ። እርስዎ ብቻ የፊተኛውን በልጄ ስም ይጻፉልኝ። ሁለት ወንድሞቹ ሰሜን ዘምተው ወሬያቸው ጠፍቷል። የቀረኝ እሱ ነው።»

«ከእሱ ያላገኘሁትን በእሱ ስም አልጽፍም።»

«እንግዲያው እኔም የማን እንደሆነ አላውቅም።»

«ነቀርሳ አልተገኘበትም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ልጁ በማግስቱ ከምልምሎቹ ጋር በመኪና ተጫነ። ባስቀረው ኖሮ ኮታውን ለመሙላት የሌላ ሰው ልጅ ይወሰድ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አቅሎልኝ አያውቅም።

በሳምንቱ እጃጂ ሄጄ የሚያስል ሰው እንዳለ ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ፣ በደረስሁበት ሁሉ የሚያስል ጠፋ። አባትየውም በሩን አልከፈተልኝም።

ልጁ ይመለስ አይመለስ አልሰማሁም። የፊተኛው አክታ የማን እንደነበረ፣ ታክሞ እንደሆነም፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።