ከደረጃ ወደቀች ብዬ

መጀመሪያ ያመማት ትከሻዋን ነው። የግራውን፣ ጫፉ ላይ። እሁድ ማታ ገላዋን ታጥባ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል፣ "እማዬ፣ ስተኛ ይብሳል" አለችኝ። ቁጭ ስትል ቀለል ይላታል፣ ስትተኛ ይመለሳል። ትከሻዋን አገላብጬ አየሁት። አላበጠም፣ አልበለዘም፣ ክንዷንም እንደ ልቧ ታነሳለች። የሚያቃጥል ቅባት ቀባሁላትና በሻርፕ አሰርኩት። ያልቆሰለ ትከሻ ለምን እንደዚያ እንደሚያም ያን ጊዜ አላወቅኩም። አሁን አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ ልጇ የወደቀባት እናት እንድታውቀው ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የሕክምናውን ቃላት ልጄ አይታ አስተካክላልኛለች። ሌላውን እንዳለ እንድትተወው ለምኛታለሁ።

ልጄ ሰናይት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ከሚመጡ ልጆች ጋር ተዋውቃ በትንንሾቹ ሞተሮች፣ መቶ ሃያ አምስት በሚሏቸው፣ እሁድ እሁድ መወዳደር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከከተማ ወጣ ያለ የአስፋልት ሜዳ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድረው መንገድ ያበጃሉ፣ ዙር ይቆጥራሉ፣ አመሻሽ ላይ እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። ከዚያ በላይ የሚያገኙት ነገር የለም። እኔ ግን እፈራ ነበር፣ ከፍርሃቴም ይልቅ አፍር ነበር። ጎረቤት "ልጅሽ የታለች?" ሲለኝ "ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች" እላለሁ። ያን ሰሞን ደግሞ የሚፈልጋት ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሳሎኑን ቀለም አስቀብቼ፣ መጋረጃ ቀይሬ እጠብቃለሁ።

ያን እሁድ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ርሷል። ውድድሩን ግን አልተዉትም። በሦስተኛው ዙር ኩርባው ላይ ፍሬን ስትይዝ የፊተኛው ጎማ ተንሸራተተ። ሞተሩ ሲገለበጥ የመሪው ጫፍ ግራ ጎኗን፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ መታት። ተነሳች። ሞተሩን አቁማ ውድድሩን ጨረሰች። ይህን አብዛኛውን የሰማሁት በኋላ ነው።

አንዱን ነገር ግን በዚያው ቀን ሰምቻለሁ። ወደ ቤት ያመጣት ግርማ የሚባል፣ በዕድሜ የሚበልጣት ሜካኒክ ነው፤ አብሯት ይወዳደራል። ሰናይት ቀድማ ገብታለች። እሱ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ የግቢው በር ላይ ቆመ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ይዣለሁ።

"ማዘር፣ መሪው ጎኗን ነው የመታት። ሆዷን ይዩላት። ዛሬውኑ ቢያሳዩዋት ጥሩ ነው።"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩና ዘጋሁት። ግባ አላልኩትም። ጎረቤት እንዳያየው ቸኩያለሁ። ያለኝንም ለማንም አልተናገርኩም። ለሰናይትም።

ሰኞ ጠዋት ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ካርድ ክፍል የምትሠራው የሺ ናት። የሺ ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ ትኖራለች፣ የሴቶች ዕድራችንም ጸሐፊ ናት።

"ምን ሆነሽ ነው የኔ ቆንጆ?" አለቻት።

እኔ መለስኩ። "ደረጃ አዳልጧት ነው።"

"የት?"

"እቤት።"

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው። ትከሻዋን ነካክቶ ራጅ አዘዘ። ራጁ ምንም አላሳየም። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰናይት አዞረ። "ሆድሽን ወይ ጎንሽን ተመተሻል?" አላት። የክፍሉ በር ክፍት ነበር። የሺ ከወዲያ ካርድ ትደረድራለች።

"የለም፣ በትከሻዋ ነው የወደቀችው" አልኩ።

ሰናይት አየችኝ። እኔም አየኋት። ያን አስተያየቴን ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንግዳ ፊት ዝም እንድትል የማያት ነው። ዝም አለች። ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላትና ወደ ቤት ተመለስን። ማክሰኞ ሁለት ጉርሻ በልታ "ጠገብኩ፣ ሆዴ ተነፍቷል" አለችኝ። ጋዝ ነው አልኳት።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ ወደቀች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው። ላብ አጥምቋታል። ሆዷን ነካሁት፣ ደርቋል። ጮኸች። እኔም ጮህኩ። የሺ ለምሳ ወደ ቤቷ መጥታ ስለነበር ደረሰችልኝ። ተጋግዘን ታክሲ ውስጥ አስገባናት። መንገዱ ተዘጋግቷል። ስሟን እጠራለሁ። አንዳንዴ ትመልሳለች። አንዳንዴ አትመልስም።

የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስገቧት። የደም ግፊቷ ሰባ በአርባ ነው አሉ። አንዲት የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዷ ላይ እያንሸራተተች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

"ምን ሆና ነው?"

"ደረጃ አዳልጧት።"

"ስንት ደረጃ?"

የቤታችን ደረጃ ሁለት ነው። "ሁለት" አልኩ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። "እናቴ፣ ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቷል። ሁለት ደረጃ እንዲህ አያደርግም። የመታት ሰው አለ?"

የሺ ቦርሳዬን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

"ሞተር ስትወዳደር ወደቀች" አልኩ። "እሁድ ነው። ዝናብ ነበር። መሪው ግራ ጎኗን መታት። ነግረውኝ ነበር።"

"ከእሁድ ጀምሮ ያውቃሉ?"

"አዎ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። ይዘዋት ገቡ።

ደም ለጋሽ አምጡ አሉን። እኔን "የደም ማነስ ስላለብዎት አይሆንም" አሉኝ። ከሰናይት ስልክ ላይ የግርማን ቁጥር አወጣሁ። ምን ብዬ እንደነገርኩት አላስታውስም። "መጣን" ብቻ ነው ያለኝ። አምስት ሆነው መጡ፤ እንኳን ቤቴ፣ ደጄ ላይ እንዲቆሙ ያልፈለግኳቸው ልጆች ናቸው። ሰጥተው ሲጨርሱ ግርማ አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሆዷን አሳይተዋት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ማዘር፣ ምሳ በልተዋል?" አለኝ።

ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ሐኪሟ ወጥታ አስረዳችኝ። "ጣፊያዋ የዚያኑ ቀን ተሰንጥቆ ነበር። ሽፋኑ አብዛኛውን ደም አፍኖ ይዞት ቆየ፣ ዛሬ ተቀደደ። ማትረፍ ስላልተቻለ አውጥተነዋል። ትከሻዋን ያማት የነበረው ከጣፊያው የፈሰሰ ጥቂት ደም ሆድና ደረትን የሚለየውን ዲያፍራሟን ሲነካው ነው፤ ሕመሙ እዚያ ይሰማል።" ቀጥሎ የተናገረችው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። "የዚያን ቀን ታይታ ቢሆን ተኝታ እየተከታተልናት ምናልባት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድን ነበር።" ምናልባት ያለችው ለእኔ አዝና ይመስለኛል።

በስምንተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሰናይት በአንድ እጇ ስፌቷን፣ በሌላው ትከሻዬን ይዛ እንደ አሮጊት እየተራመደች ገባች። የሺ ሾርባ ይዛ ተከትላን መጥታ በሩ ላይ ቆም አለችና ወደ እግሯ አየች። "ይቺ ናት ያቺ ደረጃ?" አለች። ሰናይት ስፌቷን ደግፋ "የሺዬ፣ አታስቂኝ፣ ያመኛል" እያለች ሳቀች፤ እኔ ሾርባውን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የሺ ዕድር ላይ ታወራው ይሆናል ብዬ ወር ሙሉ ጠበቅኩ፣ አላወራችም። በመጨረሻ ራሴ ተነስቼ ነገርኳቸው፤ ሴቶቹም ከእኔ ይልቅ የልጄን ጤና ነው የጠየቁት።

ለሰናይት የተናዘዝኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጎንበስ ማለት ስለማትችል ወንበር ላይ አስቀምጬ ፀጉሯን አጥባት ነበር፤ ሳሙና ስለነበረ ዓይኗን ጨፍናለች። እንዳታየኝ ያን ሰዓት መረጥኩ። "ግርማ እሁድ ዕለት ሆዷን ይዩላት ብሎኝ ነበር" አልኳት። "ውሃ ጨምሪ" አለችኝ። ሁለት ቀን ከአስፈላጊው በላይ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን፣ "ነገ ግርማ ይመጣል፣ ሳሎን ነው የሚቀመጠው" አለችኝ። መጣና ያችው ደረጃ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲጎነበስ ከለከልኩት። "ያን ቀን በር ላይ ስላቆምኩህ ልልህ የፈለግኩት..." ብዬ ጀምሬ ሳልጨርስ፣ "ማዘር፣ እንደዚያ ቆሽሼ ቢያስገቡኝስ የት ልቀመጥ ነበር?" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ከሁለት ወር በኋላ መጡ። ትልቁ ሰውዬ ወግ ከተለዋወጥን በኋላ፣ "ልጅቷ ታማ ነበር ሲሉ ሰምተን ነበር፣ ምን አግኝቷት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሞተር ስትወዳደር ወድቃ ጣፊያዋ መውጣቱን ነገርኳቸው። እሳቸው ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ "ስንተኛ ወጣች?" አሉ። "አራተኛ" አለች ሰናይት ከጓዳ። ሁሉም ሳቁ። ሦስት ቀን የደበቅኩት የእነሱን ጥያቄ ፈርቼ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አሁን ጣፊያ የሌለው ሰው የሚጠነቀቀውን ሁሉ ትጠነቀቃለች። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶቿን ወስዳለች፣ ትኩሳት ከጀመራት ነገ ሳትል ወደ ሐኪም ትሄዳለች፣ ወባ ወዳለበት አገር ስትወጣ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክራለች። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ትመለስበት አትመለስበት ገና አልጨረስንም፤ ዝናብ ሲጥል ሁለታችንም በመስኮት እናየዋለን።

ፈጣሪዬን፣ ያቺን ሐኪም፣ ደማቸውን የሰጡትን አምስቱን ልጆች፣ አፏን የጠበቀችልኝን የሺን አመሰግናለሁ። ልጃችሁ ሆዱን ወይ ጎኑን ተመትቶ በኋላ ግራ ትከሻዬን ካለ፣ ራሱን ካዞረው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ቅባት እየቀባችሁ አትጠብቁ። ቢነሳና ቢራመድም አትዘናጉ፤ የእኔ ልጅ ውድድር ጨርሳ ነው የመጣችው። የወደቀበትን ቦታ፣ የመታውን ነገር፣ ቢያሳፍርም እንዳለ ተናገሩ። መናገር በሚችል ልጅ ፈንታ ደግሞ እናንተ አትመልሱ። ያን ሰኞ ሐኪሙ የጠየቀው እሷን ነበር።