ኮርኒሳችን ውስጥ የሰፈሩት ንቦች

ሰሞኑን ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከቆመ ጋሪ የበሰለ ሙዝ ሸተተኝና ሳላስበው አንገቴን በሻርፔ ሸፈንኩ። ሌላው ሰው ሙዝ ሲሸተው ያምረዋል፤ እኔ ግን መሸሽ ነው የሚያምረኝ። ለዚህም ተጠያቂው አባቴ ነው።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ የሳሎኑ ኮርኒስ ቀለም የተቀባ አቡጀዲ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ንብ ከቆርቆሮው ሥር ባለች ቀዳዳ እየተግተለተለ ሲገባ ደረስኩ። እናቴ በሩን ቆልፋ ከውስጥ ትጮኻለች። አባቴ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፈገግ ብሎ ያያል።

“በረካ ነው” አለ። “ሳንጠራቸው መጡልን። ማንም እንዳይነካቸው።”

በቃ፣ በዚሁ ተወሰነ። እኛን የጠየቀን የለም።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን የእነሱ ሆነ። ከራሳችን በላይ፣ ሊፈላ እንደተቃረበ ውሃ ያለ ድምፅ ሌት ተቀን አይቋረጥም። ማታ መብራት ስናበራ በአቡጀዲው ስንጥቅ እየወጡ አምፖሉን ስለሚዞሩ፣ እራታችንን በኮሪደሩ መብራት ነበር የምንበላው። አንዴ ለፈተና ሳጠና ደብተሬ ላይ ያረፈችውን አንዷን ጨፈለቅኳት። ወዲያው የበሰለ ሙዝ ሸተተኝ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ሌሎቹ መጥተው ጆሮዬንና አንገቴን ነደፉኝ። ዛሬ የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ ያ ሽታ ንቦች “ተነካን” ብለው የሚጠራሩበት እንደሆነ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ። ያኔ ግን ጆሮዬ አብጦ እያለቀስኩ ወደ አባቴ ስሄድ፣ የጠየቀኝ ምን እንዳደረግኳቸው ነበር።

በዚህ ላይ ደግሞ የአባቴ ወሬ ሁሉ ንብ ሆነ። ከሱቅ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቀዳዳዋ ሥር ይቆማል። በጋው ገፍቶ አበባ ሲጠፋ፣ ሠራተኞቹ ሴት ንቦች ወንዶቹን እየጎተቱ አውጥተው ደጃፋችን ላይ ይጥሏቸው ጀመር። ሥራ ስለማይሠሩ ምግብ ሲያንስ እንደሚያባርሯቸው በአድናቆት ነገረን። እናቴም ጥሩ ሐሳብ መሆኑን፣ ለሴቶችም ትምህርት እንደሚሆን ተናገረች።

ታላቅ እህቴን የሳንሱሲ ሰፈር ልጅ ሊያገባት ነበር። ኤሌክትሪሲያን ነው፤ ረጋ ያለ ልጅ። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ሲቆረጥ፣ እህቴ ንቦቹ ከዚያ በፊት እንዲወጡ አባቴን ለመነችው። ሽማግሌዎቹ ከንብ ጋር ምን ጠብ እንዳላቸው መልሶ ጠየቃት። እናቴም ለመነችው፤ እኔም ለመንኩት። ግድግዳ ብንለምን ይሻለን ነበር።

መጋቢት ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያነደዋል። ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። በዕድሜ የሚበልጡት፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱት፣ የመጡበትን ጉዳይ ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ፣ ትከሻቸው ላይ ጠብ አለ። ማር ነው። እሳቸው በጣታቸው ጠርገው ቀመሱት፤ አባቴም ደስ አለው፤ ስለ ንቦቹ ሊተርክላቸው አፉን ከፈተ። ያኔ አቡጀዲው ተቀደደ።

ሰፈፉ ከነማሩ፣ ከነንቡ፣ ምንጣፉ መሃል ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሳያደርጉ መንገድ ላይ ወጡ። ትልቁ ሰውዬ ዓይናቸው ሥር ተነድፈው ጎረቤት ገብተው ውሃ ጠየቁ። እናቴ ይቅርታ እየጠየቀች ተከተለቻቸው። አባቴስ? ተንበርክኮ በባዶ እጁ ሰፈፉን ይሰበስባል።

እህቴ ያዘጋጀችውን አዲስ ቀሚስ እንደለበሰች ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

“አባዬ፣ የምትድረው እኔን ነው እነሱን?” አለችው።

አባቴ የሰበሰበውን ሰፈፍ መልሶ ምንጣፉ ላይ አኖረው። እጁ አብጦ፣ ማር ይንጠባጠብበታል። በማግስቱ ራሱ ቡራዩ ሄዶ ንብ አናቢ ይዞ መጣ። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ በኩበት እያጨሰ ንግሥቲቱን ፈልጎ ቀፎ ውስጥ ከተታት፤ ሌሎቹም እየተከተሉ ገቡ። እንደመሸ በፒክአፕ ጭኖ ወሰዳቸው። እናቴ ነፍሷ እስክትረጋጋ አልጠበቀችም፤ ቀዳዳዋን በጭቃ ደፈነቻት። ሽማግሌዎቹም የትልቁ ሰውዬ ዓይን ሲድን ተመልሰው መጡ፤ ግቢው ውስጥ ካልሆነ አንቀመጥም ብለው፣ ጉዳዩን እየሳቁ ጨረሱት።

እህቴ ግን አባቴን አላናግረውም እንዳለች ነበር።

ንቦቹ በተወሰዱ ማግስት ጠዋት፣ የተደፈነው ቀዳዳ ላይ እፍኝ የምታህል የንብ ጥቅል አገኘን። ሲመሽባቸው ውጭ ያደሩ ናቸው። ቤታቸውን ብለው ተመልሰው፣ ጭቃውን እየነኩ ይዞራሉ። ያለ ንግሥት ብዙ እንደማይቆዩ አሁን አውቃለሁ። አባቴ በየጠዋቱ ዱካ አውጥቶ ቀዳዳዋ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ የእነሱም ቁጥር በየጠዋቱ ያንሳል።

“ሌሎቹ የት እንደሄዱባቸው ማን ይንገራቸው” ሲል ሰማሁት፤ ለራሱ ነበር የሚያወራው።

እህቴም ሰምታው ኖሮ፣ ስኳር የበጠበጠችበትን ውሃ በስኒ ማስቀመጫ ይዛ ወጣች። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችላቸውና አባቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። “ሳንሱሲ እኮ ሩቅ አይደለም” አለችው።

አባቴ ዓይኑን ከቀዳዳዋ ሳይነቅል፣ ያበጠ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

“አውቃለሁ ልጄ” አለ።