ቤት ለገፋ አሥር ነጥብ

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ያኔ ደባርቅ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ የሮቦት ክበቡንም የምመራው እኔ ነበርኩ። ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ተወው፣ አለፈ የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አልተወውም!

ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ካርቶን የሮቦት ዕቃ፣ ሁለት ባትሪ፣ አምስት ተማሪ። በየዓመቱ ጎንደር ላይ ውድድር አለ፤ አዘጋጆቹም ጨዋታውን በየዓመቱ ይቀይሩታል። የአምናው ኳስ እያነሱ ቅርጫት ውስጥ መክተት ነበር። ለዚያ ብለን የሠራነው የሮቦት ክንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

የዘንድሮው ሕግ በወረቀት ታትሞ መጣ። እኔ ችኩሉ፣ አስቀድሜ ብቻዬን ሳላነበው፣ ልጆቹን ሰብስቤ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጨዋታው ስለ ፓርክ ነው። አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ከእንጨት የተሠሩ ግራጫ ዋልያዎችና ቀይ ቤቶች ይቆማሉ። ሥራው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቤቶቹን ከመስመሩ ማስወጣት ነው። ለአንድ ቤት አሥር ነጥብ። ዋልያ ከተነካ አምስት ይቀነሳል። ቤት ቢወድቅ ምንም አይቀነስም።

"በሉ ደስ ይበላችሁ፣ ዘንድሮ ቀሏል!" አልኩ። "ማንሳት የለ፣ ማስቀመጥ የለ፤ ገፍቶ ማስወጣት ብቻ ነው።"

ማንም ደስ አላለውም። ሁሉም ሰዓዳን ያያሉ።

ሰዓዳ ሪሞቱን የምትይዘው ልጅ ናት፤ ከሁሉም እጇ የረጋ። ቤተሰቦቿ የስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከነበረ መንደር ተነሥተው ደባርቅ ዳር ከሰፈሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ይህን እኔ አላውቅም እንዳልል፣ ከዚያ ስትመጣ ክፍል ያስገባኋት እኔው ነኝ!

"ቲቸር፣ ከመስመሩ ከወጡ በኋላ የት ነው የሚቀመጡት?" አለችኝ።

ወረቀቱን አገላበጥኩት። አልተጻፈም።

ቆሽቴ አረረ። ወዲያው ለአዘጋጆቹ ደወልኩ፤ ስልኩን ጨዋታውን የፈጠረው ወጣት ራሱ አነሣው። "ወንድሜ፣ እኔ ጋ እኮ ቤታቸው የፈረሰ ልጅ አለች" ስለው፣ "መምህር፣ ጨዋታ እኮ ነው! ደግሞ ስለ አካባቢ ጥበቃ ግንዛቤ ይፈጥራል" አለኝ። ቢያንስ ቤት አትበሉት፣ ድንጋይ በሉት፣ ቆሻሻ በሉት ብዬ ለመንኩት። ሕጉ ለሁሉም ተበትኗል አለና ዘጋው።

ግንዛቤ! እኔም የስሜን ሰው ነኝ፤ ዋልያ ይጥፋ የሚል ማን አለ? ግን የሰው ቤት እየጣሉ ነጥብ መቁጠርን ለልጅ የሚያስተምር ምን ዓይነት አዋቂ ነው?

"እንቅር በቃ" አልኳቸው። ሰዓዳ እምቢ አለች።

"እኔ ጎንደርን አይቼ አላውቅም፤ እሄዳለሁ። ግን የአምናውን ክንድ ግጠሙልኝ፤ ገፍቼ አላወጣም" አለች።

ማንሳት ጊዜ ይፈጃል፣ እንሸነፋለን አልኳት። "አባዬ ቤታችንን ሲያፈርስ አንድ እንጨት አልወረወረም፤ ምሰሶውን በትከሻው ተሸክሞ ነው ደባርቅ ያደረሰው" አለችኝ። በእኛ አገር እንጨት ብርቅ ነው፤ ሰው ሲነሣ የቤቱን እንጨት ይዞ ነው የሚሄድ፣ አዲሱም ቤት በዚያው ይሠራል። ክንዱን ገጠምንላት።

በውድድሩ ቀን ጎንደር ስንደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። የሌሎቹ ሮቦቶች እንደ ግሬደር እየገፉ ያወጣሉ። ቤት በተገነደሰ ቁጥር ጭብጨባ ነው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ።

ተራችን ደረሰ። ሰዓዳ አንዱን ቤት አነሣች፤ ከመስመሩ አሻግራ ቀስ አድርጋ አቆመችው። ሁለተኛውን ከጎኑ አቆመች። ሰዓቱ ይሮጣል፣ ከኋላችን ልጆች ይሳሳቃሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፤ መጨረሻ መውጣቱን ፈራሁት መሰለኝ፣ ያን ሁሉ ቀን ስቆጣ የከረምኩት ሰውዬ፣ "ግፊው! ሰዓዳ፣ ግፊው እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ሰማኝ።

ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ሦስተኛውን ስታቆም ፊሽካ ተነፋ። ሠላሳ ነጥብ፤ መጨረሻ ወጣን።

ያ ጨዋታውን የፈጠረው ወጣት ማይኩን ይዞ መጣና፣ "ለምን አልገፋሽውም? ሕጉ እኮ ይፈቅዳል" አላት።

"ቤት ነው ስላላችሁ፣ ውስጡ ሰው ያለ መስሎኝ" አለች።

ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ወይ አለማፈር! ማይኩን ቀምቼ ልክ ልኩን ልነግረው አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ግን በምን አፌ? አሁን ግፊው ስል በነበረው አፌ? ተመልሼ ቆምኩ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ወደ እሷ ዞሬ፣ "ሰዓዳ፣ ይቅር በይኝ፤ እንደዚያ ብዬ መጮህ አልነበረብኝም" አልኳት።

"ኧረ ምንም አይደል ቲቸር፤ ረስቼዋለሁ እኮ" አለችና ከያዘችው ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ላይ ግን ተገለበጠ፤ እሷ ረሳችው፣ እኔ አልረሳሁትም። በዚያ ወጣት ዛሬም እናደዳለሁ። ባጨበጨበውም አዳራሽ እናደዳለሁ። የእነሱ ግን ቢያናድደኝም ይወጣልኛል፤ የማይወጣልኝ የራሴ ጩኸት ነው። ምነው ያን ቀን ቆሎዋን ነፍጋ በሰደበችኝ!