ወንፈል ማነው?

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በሩ ሲከፈት አፍንጫዬ ለየው። ግብርና ለተማረ ሰው የዩሪያ ሽታ አይጠፋውም። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት እስረኞች እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

የተያዝሁት ማጭድ ገዝቼ ስመለስ ነው። ይፋግ ገበያ ውዬ በሚኒባስ ወረታ ልገባ ስል ኬላው ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ከፌስታሌ ውስጥ አዲሱን ማጭድ አወጣና ስልኬን ተቀበለኝ። የመጨረሻው መልእክት ለክፍል ጓደኞቼ የላክሁት ነበር። «ነገ ወንፈል ቁሐር ሚካኤል ነው። ማጭድ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ይንገረኝ።» ደጋግሞ አነበበውና «ውረድ!» አለኝ።

«ወርጃለሁ እኮ» አልሁት።

ነገሩ ትምህርት ነበር። በኮሌጃችን ግማሹን ክፍል ውስጥ የምንማረው፣ ግማሹን ደግሞ ቀበሌ ወርደን ገበሬ እያገዝን የምንጨርሰው ኮርስ ነበረን። በወረቀት ስሙ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ለእኔ የደረሱኝ አንድ የቁሐር ሚካኤል ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን «ላገለግልዎ መጣሁ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«አገልግሎትማ ለታቦት ነው። እኛ ሰዎች ነን፤ በሰው መካከል ያለው ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ ለኔ፣ ነገ እኔ ላንተ። የት ነው ማሳህ?»

«ማሳ የለኝም አባ። ያለኝ ፈተና ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ በፈተናህ ቀን እመጣለሁ» አሉኝ።

ይህን ለጓደኞቼ ሳወራላቸው ቃሉ ክፍሉን ወረሰው። ከዚያ ወዲያ አገልግሎት የሚል ጠፋ፤ ሁላችንም ወንፈል አልን፤ መምህራችን እንኳ ለመደችው።

መርማሪው ግን አልለመደውም። ከተሜ ነበር፣ ከእኛ አገር አይደለም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ።

«ወንፈል ማነው?»

ሳቅሁ። ባጉል ሰዓት መሳቅ የልጅነት አመሌ ነው። በጥፊ መለሰልኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ።

«ሰው አይደለም» አልሁ። «ሥራ ነው። ገበሬ ከገበሬ ተራ በተራ…»

«‹ነገ ወንፈል ቁሐር ሚካኤል ነው› ብለሃል። የሰው መዋያ ነው የነገርሃቸው።»

ጽሑፌን በእሱ ዓይን አነበብሁት። እውነትም ሰው ይመስላል፤ ያውም ተከታይ ያለው ሰው። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

«ደቦ እንደማለት ነው» ስል ሞከርሁ።

«ቅድም ሥራ አልህ፣ አሁን ደቦ። ነገ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?»

በማግስቱ፣ ረፋድ ላይ፣ የመጋዘኑ በር ተከፈተና ሽማግሌው ገቡ። ዱላቸውን ቀምተዋቸዋል። ጋቢያቸውን ሰብስበው ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቆሙ፤ ከዚያም «ጤና ይስጥልኝ» ብለው እስረኛውን ሁሉ እጅ ነሡ። ስነሣ አዩኝ።

«አባ! እርስዎንም ያዙዎት?»

«የለም፤ በእግሬ ነው የመጣሁት። ወንፈል ጠርቼ ሰው ቀረብኝ። ምነው ብዬ ባጠያይቅ ታስሯል አሉኝ። ልጠይቅህ መጥቼ ስምህን ስናገር፣ ግባ አሉኝ። ገባሁ።»

አለቀስሁ። ለራሴ ያልወጣኝ እንባ ለእሳቸው ወጣኝ። በጆሯቸው «አላውቀውም ይበሏቸው፤ ይለቁዎታል» አልኋቸው። እሳቸው ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሽምብራ ቆሎ ፈትተው ለሁሉም እፍኝ እፍኝ ሲያድሉ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንፈል የገባ ሰው ማሳዬ ላይ ማጭድ ቢቆርጠው፣ የሚያስታምመው ማነው?»

«ባለማሳው።»

«እኮ። ቀኑ የኔ ነበር። በኔ ቀን ነው የተቆረጥህ። ይብላኝ ለሩዙ! ደርቆ ቁሟል። አንድ ንፋስ ቢነሣ ነው የሚረግፍ። ያን ጊዜ ከርሞ ምን ልንበላ ነው?»

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው እሳቸውን አንተ አላቸው። ከጥፊው ይልቅ ይህ አመመኝ።

«ወንፈልን ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ ነዋ፣ ልጄ። የጠራሁት እኔ ነኝ። ይህ ተማሪ ነው፤ የኔን ቃል ነው የጻፈ።»

«ስለዚህ ወንፈል አንተ ነህ።»

አፌን ልከፍት ስል እግራቸው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«ካልህ፣ ነኝ» አሉት።

መርማሪው ቀለል አለው። ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ እንደ ታላቅ ወንድም አናገረኝ። «እሱ ነው በል፤ አሁኑኑ ትወጣለህ። ፈተናህም አያመልጥህም።»

ያ የመጀመሪያ ቀን ቀልዳቸው ትዝ አለኝ። በፈተናዬ ቀን መጥተዋል። መውጣት ፈልጌ ነበር፤ እናቴ ዘንድ ሄጄ እስኪበቃኝ መተኛት ፈልጌ ነበር። «ወንፈል ሰው አይደለም» አልሁ። «እሳቸውም አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም።»

ሁለታችንንም መልሰው ቆለፉብን። እውነቱን ልናገር፣ ምርቃት ጠብቄ ነበር። ሽማግሌው ግን እንደዚያን ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ! እግርህን የረገጥሁህ ለጨዋታ መሰለህ?»

«እንዴት በእርስዎ ላይ ልመስክር አባ?»

«ውጣ ነው ያልሁህ! አንድ ሰው ወጣ ማለት አንድ ማጭድ ወጣ ማለት ነው። አሁን ሁለታችን እዚህ ተጎልተን ሩዙን ማን ይጨደው?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይህን አላሰብሁትም ነበር። እኔ ስለ ክብር ሳስብ እሳቸው ስለ ልጆቻቸው እንጀራ ያስቡ ኖሯል። ፀሐይዋ ገብታ ብርዱ ሲጀምር፣ ሳያናግሩኝ የጋቢያቸውን እኩሌታ ጣል አደረጉብኝ። ቆይተውም «እኔም ብሆን አልለውም ነበር» አሉ። «ሩዙ ነው እንጂ ያናገረኝ።»

የለቀቁን አጨዳው ካለፈ በኋላ ነው። ለምን እንደያዙን እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም። በሩ ላይ ስንደርስ ቆምሁ።

«ማጭዴን» አልሁ።

ዘበኛው ጓደኛውን አየና ሳቀ። «ተፈትተህ ማጭድ ትጠይቃለህ? ሂድ ባክህ!»

«የገዛሁት ነው። ሥራ አለብኝ።»

እንደገና እንዳያስሩኝ ፈርቼ ነበር። ሽማግሌው ግን አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ጋቢያቸውን አጣፉ። እኛ አንሄድም፣ እነሱም አይሰጡም፤ ፀሐዩ ላይ ቆየን። በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ አንዱ ማጭዱን አምጥቶ እግሬ ሥር ወረወረው። ዝጓል።

ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ ማሳው ባዶ ነበር። ከብት የበላው መስሎኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ቃርሚያውን በእጃቸው ዳሰሱት። አንዱ ጥግ ከሥሩ ታጭዷል፤ ሌላው ከፍ ብሎ፤ ሌላው ደግሞ በግራኝ እጅ። ያን ሰሞን ማጭድ ይዞ ተሰብስቦ መታየት ያስፈራ ነበርና ሰዉ አንድ አንድ እየሆነ ነው የመጣው። ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው ነገሩን።

«ማን እንደሁ እንጃ! ዞር ስል ነው የሚመጡ። ነዶውን ደጃፌ ተቆልሎ ነው የማገኘው። እኩሌታው ግን ረግፏል።»

ሽማግሌው ማሳውን ዞረው ጨረሱና ተክዘው ቆሙ። «አሁን ይህን ወንፈል ለማን ልመልስ?» አሉ። ሲጠይቁም እኔ ነኝ የሚል አልተገኘም። ማን ደፍሮ ይላል?

ኮርሱ ዛሬም አለ። ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ኮሌጅ ተቀጥሬያለሁ፤ ተማሪዎቹን ቁሐር የማወርዳቸው እኔ ነኝ። ቃሉን ግን በስልክ የሚጽፍ የለም። መልእክቱ «ለተግባር ትምህርት እንገናኝ» ይላል፤ ወንፈል በአፍ ብቻ ቀርቷል። ይህ ያንገበግበኛል።

ሽማግሌው ጉልበታቸው ደክሟል። ቢሆንም አጨዳ ሲደርስ የጎረቤቱን ሁሉ ማሳ ያዳርሳሉ። ባለፈው ኅዳር በድንበር ተጣልተው ለዓመታት ሰላም ከማይባባሉት ሰው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ከሰውዬው ጋር አይነጋገሩም አልነበር?»

ቀና አሉና ወገባቸውን ያዙ። «እሱ ቢሆንስ ያጨደልኝ?»

የዛገውን ማጭድ ከፌስታሌ አወጣሁና ከጎናቸው ገባሁ።