ከውሃ የወጣው ብረት

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ላፍቶ ባለው የእህቴ ቤት፣ እናታችን ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ያለ መሳቢያ ውስጥ እሳት ተነሳ።

መብራት የጠፋው ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ላይ ነበር። እኔ ሳሎን ዜና እጽፋለሁ። እህቴ እንደ ልማዷ እየዞረች ሶኬት ነቀለች፤ መብራት ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ ዕቃ ያቃጥላል። ኩሽና ውስጥ ስትንጎዳጎድ ሰማኋት፤ ቀና ብዬ አላየሁም።

ኩሽናው ጥግ ላይ የባሏ ብርጭቆ አለ። ባሏ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ውሃ ውስጥ ፓላዲየም የሚባል ብረት ነክሮ ኤሌክትሪክ ይለቅበታል። ብረቱ ከውሃው ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ የጠጣው ብረት ሃይድራይድ ይባላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚጠቅም አሲድ መለወጡን የሚያፋጥነው እሱ ነው። እሁድ ዕለት ስጠይቀው ይህን ሁሉ ነገረኝ፤ ጨምሮም፣ "ከጠገበ በኋላ አየር ላይ ከዋለ ይግላል፤ ጨርቅ ካገኘ ያቀጣጥላል" አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለእህቴ ግን "ውድ ነው፣ እንዳይጠፋ" ብቻ ነበር ያላት።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባሏ ከትምህርት ቤት ደወለልኝ።

"እናንተ ጋም መብራት ጠፋ እንዴ?"

"ጠፍቷል።"

"እስቲ ብርጭቆው ውስጥ ውሃ መኖሩን እይልኝ።"

ሄጄ አየሁ። "እስከ አፉ ሙሉ ነው።"

"ጋዜጠኛ እቤት ማስቀመጥ ለዚህ ነው" ብሎ ሳቀና ዘጋው።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ መጣ። ተመልሼ ብርጭቆውን አየሁት። ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረበትም።

"ብረቱን የት አደረግሽው?"

"አወጣሁት" አለች እህቴ፣ ሰሃን እያጠበች። "መብራት ሲጠፋ የውሃ ማፍያውን ከባልዲ አላወጣም እንዴ? እሱንም ጠራርጌ በፎጣ ጠቀለልኩት። ውድ ነው ስላለ እማዬ ጋ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምን ሆንክ አንተ?"

እናታችን ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ብቻዋን አትነሳም። በሩን ስከፍት ክፍሉ ጭስ ነበር። መሳቢያውን ራሷ ስባ ከፍታዋለች፤ የሚነደውን ፎጣ በግራ እጇ ይዛ ከአልጋው ለማራቅ ትታገላለች። "ልብሱ ነደደ" አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ሁለት ጣቶቿ እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

የስልኬ መዝገብ የእህቴ ባል የደወለው ዘጠኝ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ፣ እሳቱ ከመነሳቱ ሰባት ደቂቃ በፊት መሆኑን ያሳያል።