የዋርቲኒ ዘጠኝ ኪሎ

የመንደሩን ሕፃናት የምትመዝነው ዋርቲኒ ለከሱት ከጤና ጣቢያ የሚመጣውን እንቁላል ጠብሳ በላችው መባሉን በዚህ በጃቫ መንደር ያልሰማ ጆሮ የለም። ሐሰት ነው። እንቁላሉ ጭራሽ አልመጣም፤ እሷ ያስቀረችው በማካፈል ነው።

በየወሩ እናቶች ልጆቻቸውን ለማስመዘን ይሰበሰባሉ። ዋርቲኒ ሕፃኑን በሽርጥ ጠቅልላ ሚዛኑ ላይ ታንጠለጥልና ኪሎውን ትጽፋለች። እንቁላሉ በቀረበት ወር ዓመት የሞላቸው አምስት ነበሩ። የገዛ ልጅ ልጇ ባጋስ አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ሦስቱ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ የሱሚያቲ ልጅ ራትሪ ደግሞ ስድስት። ደመረችው፣ አርባ አምስት። ለአምስት አካፈለችው፣ ዘጠኝ። ያለ ቀሪ ስለወጣላት ደስ ብሏት «አማካዩ ዘጠኝ፣ ሁሉም ደህና» ብላ ለጤና ጣቢያው ላከች። ደህና ለሆነ መንደር ማን እንቁላል ይልካል?

በወሩ ራትሪ ስትመዘን ያው ስድስት ናት። ዋርቲኒ ያለፈውን ወረቀት ገልጣ አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ምነው እትዬ፣ ሚዛኑ ነከሰዎት እንዴ?» አለቻት ሱሚያቲ። ሴቶቹ ሳቁ።

«እንቁላሉን ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ዛሬውኑ የእያንዳንዱን ለየብቻ ጽፌ እልካለሁ።»

ዋርቲኒ ራትሪን ከሽርጡ እያወጣች ቀስ ብላ ተናገረች።

«ከባጋስ የተረፈውን ሦስት ኪሎ ወረቀት ላይ ለዚች ሰጠኋት። ሆዷ ውስጥ ግን ምን ገባላት?»